የልጅ ልብስ እሳት ሲይዘው

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ ጥቂት እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ እሳት ነው። ስለ ቤት ቃጠሎ ግን አይደለም። ስለ ቤት ቃጠሎ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ አለን፤ ቤቱ ለተቃጠለበት አባል እንጨት፣ ሳርና ጉልበት እናዋጣለን። እኔ የምናገረው በልጅ ልብስ ላይ ስለሚነሣው እሳት ነው፤ ለእርሱ አንቀጽ የለንም።

መቼም ታውቁኛላችሁ፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዕድሜዬን የጨረስሁት በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም አይደለሁም። የምነግራችሁን ያገኘሁት ግማሹን ከጤና ባለሙያዎች ጠይቄ፣ ግማሹን ደግሞ በገዛ ቤቴ ከደረሰው ነው። ስሕተት ብናገር ከመካከላችሁ የሚያውቅ ያርመኝ፤ አልቆጣም።

ዲማን አገር ሁሉ የሚያውቃት ክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የኛንም እድር «ሥራው እስከ መቃብር ነው» እያሉ የሚቀልዱ አሉ። ይቀልዱ። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ ከመቃብሩ በፊት ስላለው ሥራ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእድሩን መዝገብ የምይዝ እኔ ነኝ። መዝገባችን ተራ ቁጥር አለው፣ የሟች ስም አለው፣ የአባል ስም፣ ዝምድና፣ የተከፈለ ብር፣ ፊርማ። «በምን ሞተ» የሚል ዓምድ የለውም። ዝምድና በሚለው ሥር «ልጅ» ተብሎ ከተጻፈ ክፍያው ግማሽ ነው። ልክ ነው፤ ለሕፃን ቀብር የሚወጣው ወጪ ያነሰ ነው ተብሎ የተወሰነ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን አንድ ቀን ማታ ሒሳብ ሳመሳክር «ልጅ» የሚለውን ቃል እየተከተልሁ ወደ ኋላ ገጽ ስገልጥ፣ ከእነዚህ ውስጥ በምን እንደ ሞቱ እኔ ራሴ የማስታውሳቸው አሉ፤ መዝገቡ ግን አያስታውሳቸውም። ሃምሳ ዓመት የሞላኝን የፋይል ሰው ይህ አሳፈረኝ። ምክንያቱ ያልተጻፈ ነገር ሁለተኛ ሲመጣ እንደ አዲስ ነው የሚያስደነግጠን።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀሪዎቻችሁ አልሰማችሁም፣ እኔም በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም።

ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። በጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ረብሻ የነበረበት ዓመት ነውና አባታችን ቤት አልነበረም። እኔ አሥር ዓመቴ፣ ታናሽ እኅቴ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስሟን አልጠራም። እናታችን ከገበያ ያመጣችው አቡጀዲ ተሰፍቶላት ነበር፤ ከወገቡ የሰፋ፣ ሲዞሩበት እንደ ድንኳን የሚነፋ ቀሚስ። ያን ቀን ለብሳው ዋለች፤ አውልቂው ብትባል እምቢ አለች። ሲመሽ ችቦ ልንለኩስ ነው። እናታችን ከውጭ ጭራሮ ልታመጣ ወጣ እንዳለች፣ እኅቴ የችቦዋን ጫፍ ልታቀጣጥል ወደ ምድጃው ጎንበስ ስትል የቀሚሷ ዘርፍ ከጉልቻው ኋላ በተረፈው ፍም ላይ አረፈ። እርሷ አላየችውም፤ ያየሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ ምን ብዬ ጮህሁ መሰላችሁ? «ቀሚስሽ! ቀሚስሽ ተቃጠለ! እማዬ ትገልሻለች!» አልሁ።

ይህንን ነው ያልሁት። «ተኚ» አላልሁም፣ «ወዲህ ነይ» አላልሁም። እርሷም የፈራችው እሳቱን አልነበረም፤ እናቷን ነው። ሮጣ ወጣች። ወጥታም ወደ ሰው አልሄደችም፤ ከጎተራው ኋላ ሄዳ ተደበቀች። ነፋስ ነበር። እኔ እናቴን ስጠራ፣ እናቴ መጥታ ስንፈልጋት፣ ብርሃን ከጎተራው ኋላ አየን። የክረምት ማለቂያ ነው፤ ደጁ ሁሉ ርጥብ ሳር፣ ርጥብ ጭቃ ነበር። ከእግሯ ሥር ነበር መድኃኒቱ። አንድ ጊዜ ብትጋደምበት ይበቃ ነበር። ግን አዲስ ልብስ የለበሰች ልጅ ጭቃ ላይ አትተኛም፤ ጭቃ ላይ አትተኛም ብለን ያሳደግናት እኛ ነን።

እናታችን ጠልፋ ጣለቻትና በገላዋ ወድቃ አጠፋችው፤ የእናቴም ክንድ ጠባሳ እስክትሞት ነበረ። ከዚያ ጎረቤት ተሰበሰበ። ቅቤ ተቀባች። አመድ ያለም ነበረ፣ ሊጥ ያለም ነበረ። ማታውን ሙሉ ውሃ ውሃ አለች፤ «ለተቃጠለ ሰው ውሃ አይሰጥም» የሚል ሰው ተገኘና ከለከልናት። በማግሥቱ «አሁን አላመመኝም» አለች። እኛም ዳነች ብለን ደስ አለን፤ የእንቁጣጣሽ አበባ አመጣሁላት። በኋላ አንድ የጤና መኮንን ሲያስረዳኝ፣ ቃጠሎ ቆዳውን ዘልቆ ሲገባ ሕመም የሚሰማውን ጅማት ጭምር ስለሚያቃጥለው በዚያ ቦታ ሕመም አይሰማም፤ ስለዚህ አለማመሙ የመዳን ምልክት ሳይሆን የቁስሉ ጥልቀት ምልክት ነው አለኝ። ውሃ ውሃ ማለቷም የሰውነቷ ፈሳሽ በተቃጠለው በኩል እየወጣ ስላለቀ ነው። በአራተኛው ቀን ሞተች። ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። አብዛኛው ቤት የሳር ክዳኑን ለቆ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ኩራዝ በብዙ ቤት በፀሐይ መብራትና በሞባይል መብራት ተተክቷል። ጉልቻው ግን እዚያው አለ። ልጅም እዚያው አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰው በቃጠሎ ይሞታል፤ አብዛኛው እንደኛ ባሉ ገቢያቸው አነስተኛ በሆነ አገሮች ነው፤ የሚቃጠሉትም ባመዛኙ ቤት ውስጥ ነው። እሳት ቤት ውስጥ ሜዳ ላይ ተቀምጦ በሚውልበት አገር ይህ አያስገርምም።

እሳት በልብስ ላይ ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። እሳት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ይህን ችቦ የያዘ ሁሉ ያውቃል፤ ችቦውን ወደ ላይ ስትይዘው ቀስ ይላል፣ ወደ ታች ስትዘቀዝቀው እጅህን ይበላሃል። የቆመ ልጅ እንግዲህ የተዘቀዘቀ ችቦ ነው። እሳቱ ከዘርፉ ይነሣና ወደ ሆዱ፣ ወደ ደረቱ፣ ወደ ፊቱና ወደ ጠጉሩ ይወጣል። ሲሮጥ ደግሞ ነፋሱ እንደ ወናፍ ነው። ሲተኛ ግን እሳቱ መውጫ መሰላሉን ያጣል፤ ፊቱም ከነበልባሉ ይርቃል። ሲንከባለል ደግሞ ልብሱ በገላውና በመሬቱ መካከል ሲጨፈለቅ አየር ያጣና ይጠፋል። መተኛት ብቻውን አይበቃም፤ በሆዱ ቢተኛ ጀርባው ይነድዳልና። ስለዚህ መገላበጥ ነው፣ ደጋግሞ፣ እስኪጠፋ።

አሜሪካኖች ይህን በሦስት ቃል አድርገው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለልጆቻቸው በየትምህርት ቤቱ አስተማሩ። እኛም በቤታችን በሦስት ቃል አደረግነው። መጀመሪያ «ቁም፣ ውደቅ፣ ተንከባለል» ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ «ልጄን ውደቅ አልለውም፣ እርግማን ነው» አለችና «ቁም፣ ተኛ፣ ተንከባለል» ሆነ። ለሴት ልጅ «ቁሚ፣ ተኚ፣ ተንከባለይ»። በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ሲንከባለሉ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ ይክደኑ። ዓይንንና አፍን ለማዳን ነው፤ ደግሞም እጃቸው ፊታቸው ላይ ከሆነ በእጃቸው እሳቱን ሊመቱ አይችሉም። የልጅ መዳፍ ስስ ነው፤ እሳት የመታ መዳፍ ሲድን ጣቱ ይቆለመማል።

ስለ ልብሱ ዓይነትም ጥቂት ልበል። አቡጀዲና ስስ ጥጥ ቶሎ ይነድዳል። ናይለን ደግሞ ይቀልጣል፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ጠፍቶም ያቃጥላል። ሱፍ ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ጠጉሩ ይለበልባል፣ ይሸታል፣ ነበልባል አያነሣም። አባቶቻችን በርኖስና ባና ለብሰው እሳት ዳር ሲያመሹ፣ የቆሎ ተማሪም ደበሎውን ለብሶ በእሳት ብርሃን ሲያጠና፣ ለብርዱ ነበር እንጂ ለእሳቱ አልነበረም፤ ግን ለእሳቱም ጠቅሟቸዋል። እንግሊዞች የሕፃናት የሌሊት ቀሚስ በቀላሉ በማይነድ ጨርቅ እንዲሠራ እ.ኤ.አ. በ1964 ደንብ አውጥተው ነበር። እኛ እንዲህ ያለ ደንብ ከየት እናመጣለን? ግን ምድጃ ለምታጫጭር ልጅ የቀሚሷን ዘርፍ በመቀነት ሰብሰብ ማድረግ፣ ነጠላዋን አስወልቆ መስቀል፣ ይህ ደንብ አያሻውም።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው እኔም የተሳሳትሁት። ነገሩ ቀላል መሰለኝና የልጅ ልጆቼን አንድ እሑድ ከደጅ ሰብስቤ በንግግር አስረዳኋቸው፤ እንደዚህ እንደ ዛሬው። አዳመጡ። «ገባችሁ?» ስላቸው «አዎን» አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአምስት ዓመቱ ልጅ የጋለ ጀበና ነክቶ ጣቱን ለበለበው፤ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቡና በሚፈላበት መካከል መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል ጀመር! ስኒው ተሰበረ፣ ቤቱ ሳቀ፤ እርሱ ግን እኔ ያስተማርሁትን በትክክል ነው የፈጸመው። በውጭ አገርም ይህን የሚያስተምሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር እንደ ገጠማቸው ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሦስቱን ነገር ለይታችሁ አስተምሩ። እጁ ወይም ጣቱ ከተለበለበ፦ ውሃ። ቤቱ በጭስ ከተሞላ፦ በእንብርክክ ወደ ደጅ፣ ከወጣ በኋላም ለዕቃም ለጥጃም አይመለስም። ልብሱ ከነደደ ብቻ፦ ቁም፣ ተኛ፣ ተንከባለል።

ሁለተኛ፣ በአፍ አይሆንም፤ በገላ ነው። ልጅ ሲደነግጥ የሰማውን አያስታውስም፤ ያደረገውን ግን ገላው ያስታውሰዋል። እኔ ኋላ ያገኘሁት ዘዴ ይህ ነው፤ ቀይ ጨርቅ ቀድጄ በልብሳቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝሁና «እሳት ያዘሽ!» ስላቸው ጨርቁ እስኪወልቅ ድረስ ይንከባለላሉ። መንከባለል ለልጅ ጨዋታው ነው፤ የዲማ ልጅ በዳገቱ ሲንከባለል ያደገ ነው፣ እኛው ነን «ልብስህን አቆሸሽህ» እያልን የምንከለክለው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ፍቀዱለት። አንድ ጊዜ አስተምሬአለሁ ብላችሁም አትተዉት፤ እኔ ከክረምት በኋላ ስጠይቃቸው ግማሹን ረስተውት ነበር።

ሦስተኛ፣ ዕድሜውን ተመልከቱ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይህን ሊያደርግ አይችልም። አራት ዓመት የሆነው ያደርገዋል፣ ግን ብቻውን ይሆናል ብላችሁ አትመኩበት። ለእንዲህ ያለው ልጅ ትምህርቱ የኛ ነው፤ ይዞ መጣል፣ በወፍራም ነገር መጠቅለል፣ ማንከባለል። ባና ካለ እርሱ ይበልጣል፤ ከሌለ ባለ አራት እጥፍ ጋቢ። ነጠላ አይሆንም፣ ራሱ ይነድዳል። ያ ከገበያ የምንገዛው ለስላሳ የናይለን ብርድ ልብስም አይሆንም፣ ይቀልጣል። ስትጠቀልሉ ከትከሻ ጀምሩና ወደ ታች ውረዱ፤ ከታች ከጀመራችሁ ነበልባሉን ወደ ፊቱ ትገፉታላችሁ። ጠፍቷል ብላችሁም ፍም የያዘ ቦታ እንዳይቀር ተመልከቱ።

አራተኛውን ነው ከሁሉ አስበልጬ የምለምናችሁ። ልጆቻችሁን «ልብስህ ቢቃጠል ማንም አይቆጣህም» በሏቸው። በግልጽ በሏቸው፣ ደጋግማችሁ በሏቸው። «ክብሪት ነክተህም ቢሆን፣ አዲስ ልብስ ቢሆንም፣ የሰው ልብስ ቢሆንም፣ እየጮህህ ወደ ሰው ና። ጭቃም ቢሆን ተኛበት። አትገረፍም» በሏቸው። ካላችሁም በኋላ ቃላችሁን ጠብቁ። ክብሪት የነካውን ልጅ ስለ ክብሪቱ ሌላ ቀን ትቆጡታላችሁ። እኔ ጠይቄአቸዋለሁ፤ የልጅ ልጆቼን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ልጆች «ልብስህ እሳት ቢይዘው መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ። ጥቂት የማይባሉት «እደበቃለሁ» ነው ያሉኝ። አንዷ «እማዬ ሳታይ አወልቀዋለሁ» አለችኝ። ከ1960 ዓ.ም. እስከ ዛሬ ምን ተለወጠ ብዬ ያን ቀን እህል አልበላሁም።

ይህንን ስል አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከርዕሴ ጥቂት ወጣ ይላል፣ ፍቀዱልኝ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምድጃ ዳር ሲወድቅ «ከነካሁት ይይዘኛል» ብሎ ቆሞ የሚያይ ሰው አለ። በዓይናችን ያየነው ነው፤ አንካካድ። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። በትንፋሽም በለሐጭም አይተላለፍም። የነርቭ ሕመም ነው፣ ኪኒን አለው፣ በጤና ጣቢያም ይታከማል። ሰው እሳት ላይ ወድቆ የምንቆም ከሆነ ድንኳን ተክለን ማልቀሳችን ምን ይጠቅመዋል? እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ምድጃውን ከፍ አድርጎ ወይም አጥሮ መሥራት አለበት።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ስለሚደረገው። ውሃ ነው። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። ባንድ ጊዜ ደፍቶ መተው አይደለም፤ በጣሳ በጣሳ፣ ሳያቋርጡ ማፍሰስ ነው። ሰዓት ለሌለው ቤት እንዲህ አስሉት፤ 20 ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን በደቂቃ አንድ አንድ ሊትር እያደረጋችሁ ብታፈሱት 20 ደቂቃ ይሞላል። ቃጠሎው ከደረሰ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ቢደረግ እንኳ ይጠቅማል ይላሉ፤ ቶሎ ቢሆን ግን ይበልጣል። ውሃው የሚፈሰው የተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ቀሪው ገላው ይሸፈን፣ የኛ ብርድ ልጅ ይገድላል። በረዶ አይደረግም። የተጣበቀ ልብስ አይላቀቅም፣ ዙሪያው ይቆረጣል እንጂ። አምባር፣ አልቦ፣ ቀለበት፣ አንገት ላይ የጠበቀ ዶቃ ሳያብጥ በፊት ይውለቅ፤ ማተቡም ካጠበቀ ይላላ፣ እግዚአብሔር አይቀየምም። ከዚያ በታጠበ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መውሰድ ነው። ውሃ ውሃ ካለ፣ ልቡን የሚያውቅ ከሆነ፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው።

ቅቤ አይቀባም። እናቶቼ፣ ይህ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ፤ ቅቤ በኛ አገር ለራስ ምታትም ለወላድም መድኃኒት ነው። ለቃጠሎ ግን ሙቀቱን ከድኖ ያስቀረዋል፣ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል። አመዱም፣ ሊጡም፣ እንቁላሉም፣ የጥርስ ሳሙናውም እንደዚያው። ሐኪሙ ቁስሉን ለማየት ያንን ሁሉ መፋቅ ይኖርበታል፤ ልጁ ሁለተኛ ይሠቃያል።

የትኛው ቃጠሎ ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል ለሚለው ቀላል መለኪያ አለ። የልጁ የራሱ መዳፍ ከነጣቱ የገላው አንድ መቶኛ ያህል ነው። ከአንድ መዳፍ ከበለጠ ጤና ጣቢያ። አሥር መዳፍ ያህል ከሆነ ሆስፒታል ነው፣ ፈሳሽ በደም ሥር ያስፈልገዋልና አይዘገይም። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያና ኀፍረተ ገላ ከሆነ ትንሽም ቢሆን ይወሰዳል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ይጠየቅ። ከዚህ ብቸና ነው፣ ከብቸና ደብረ ማርቆስ፤ ከበድ ሲልም በአዲስ አበባ ቀድሞ ቤተ ሳይዳ ይባል የነበረው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና የታወቀ ነው። መንገዱ ሁልጊዜ እንደማይገኝ፣ ተሽከርካሪውም ቀን እየጠበቀ እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ላይ 939 ብሎ የሚደውል ሰው የእሳት አደጋ መኪና ይመጣለታል፤ እኛ የምንደውለው ለጎረቤት ነው። ለዚህም ነው የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የኛ ናቸው የምለው። ቁስሉ ሲደርቅም መጨረሻው አይደለም፤ አንገት ከደረት፣ ጣት ከጣት ተጣብቆ እንዳይቀር ልጁን ለክትትል መመለስ ያስፈልጋል። «ዳነ» ብሎ የቀረ ልጅ ኋላ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል።

ስለ ምድጃውም ጥቂት። «ምርጥ» የሚባለውን ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭስ ይቀንሳል ተብሎ ነው የተስፋፋው፤ እኔ ግን የምወደው እሳቱን በግድግዳ ስለሚከልለው ነው። የቀሚስ ዘርፍ በቀላሉ አያገኘውም። መግዛት ያልቻለም በጭቃና በድንጋይ ምድጃውን ከመሬት እስከ ወገብ ከፍ ቢያደርገው፣ ቢያንስ ለሕፃን አይደርስም። ላምባ ለሚጠቀም ደግሞ፣ ኩራዝ እየነደደ አይሞላም፤ ላምባው ቤንዚን የተቀላቀለበት መሆኑን በሽታው ከጠረጠራችሁ አትለኩሱት፣ ይፈነዳል።

አሁን ወደ እድራችን ልመለስ፤ የመጣሁበት እርሱ ነው።

ክቡራን አባላት፣ በዚህ ቀበሌ ትልቁን እሳት የሚያነድ ማነው? እኛ ነን። ሐዘን ቤት ድንኳን ስንተክል በጓሮ ሦስት አራት ጉልቻ እንጥላለን፣ በርሜል የሚያህል ድስት እንጥዳለን፣ ግንድ እንማግዳለን። እናቶች በሐዘንና በሥራ ተወጥረዋል፤ ልጆች ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ይሯሯጣሉ፣ በእሳቱ መካከል ነው የሚሯሯጡት። ባለፈው ዓመት በአንድ ሐዘን ቤት የአንዲት ልጅ ሹራብ እጅጌ ሲለበለብ አይቻለሁ፤ አንዲት ወጥ የምታማስል እናት ይዛ በጋቢዋ ጨፈለቀችውና ምንም አልደረሰባትም። ማንም ስለዚህ አልተናገረም፤ ለቅሶ ላይ ስለነበርን። በመዝገብም የለም፤ መዝገባችን የሚጽፈው ሞት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚው ያቀረብሁት ሐሳብ ይህ ነው። ድንኳን በተከልን ቁጥር የማብሰያው ቦታ በገመድና በእድሩ አሮጌ ቆርቆሮ ይታጠር፤ ከወጣቶቹ አንድ ሰው በተራ በበሩ ይቁም፤ ሁለት ክዳን ያላቸው ጀሪካኖች ውሃ ተሞልተው፣ አንድ ባናም ተጣጥፎ ከእሳቱ ዳር ይቀመጥ። ባናው ለመቀመጫ አይውልም፤ ይህንን አስቀድሜ እናገራለሁ፣ እናንተን አውቃችኋለሁና። በመዝገባችንም ላይ «የሞት ምክንያት» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ዓምዱን እኔ አሰምረዋለሁ፣ ወጪ የለውም።

«እድር ለቀብር እንጂ ለጨዋታ አይደለም፤ ልጅ ማንከባለል የትምህርት ቤት ሥራ ነው» ያሉኝ አንድ አባት አሉ፤ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ አከብራቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱም ቢያስተምር ደስ ይለኛል፤ ግን ትምህርት ቤት የሚገባው ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ነው፣ ምድጃው ዳር የሚውለው ደግሞ ያልገባው ነው። አባቴ፣ እርስዎ ለእኅቴ ቀብር መቃብር ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ ነዎት። ያን ቀን ጉድጓዱ አጭር ስለነበረ ቶሎ እንደ ጨረሳችሁ ትዝ ይልዎት ይሆናል።

ሐሳቡ ከጸደቀ በሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከዕቃ ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ሳር ላይ እንገናኝ። ከአራት ዓመት በላይ የሆናቸውን ልጆች አምጡ፤ ሴቶቹን ከቀሚስ ሥር ሱሪ አልብሷቸው። አዲስ ልብስ አታልብሷቸው፤ አለብሳችሁም ብትመጡ ግን እንዲተኙበት ፍቀዱ። ቀዩን ጨርቅ እኔ አመጣለሁ። የመርፌ ቁልፍ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ የኔ ስድስት ብቻ ናቸው። የጀሪካኖቹንና የባናውን ዋጋ ገንዘብ ያዡ ጠይቆ መጥቷል፣ እርሱ ያስረዳችሁ።